በሥዕሉ ላይ ያልተሣለው ሰው፦ የጣሪያ ማራገቢያንና መብራትን በሁለት ማብሪያ ስለ መለየት



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ በኋላ ሁለት ባልደረቦቼ በየተራ ቢሮዬ መጥተው ርእሱ ላይ የጽሕፈት ስሕተት ሳይኖር እንደማይቀር በትሕትና ነግረውኛል። ከአንድ የዶክትሬት ባለቤት የሚጠበቀው ስለ ኃይል ማሠራጫ መረብ መረጋጋት ወይም ስለ ታዳሽ ኃይል መናገር ነውና አልተቀየምኳቸውም። ነገር ግን ስሕተት የለበትም። ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ክፍል፣ ስለ አንድ ጣሪያ፣ በአንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ስለተገጠሙ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያዎች ነው።

ለዚህ ያነሣሣኝን በአጭሩ ልናገር። ባለፈው መንፈቀ ዓመት በቃል ፈተና ላይ ለአራተኛ ዓመት ተማሪዎች አንድ ጥያቄ አቀረብኩ። «አምፖል የተገጠመለት የጣሪያ ማራገቢያ አለ፤ ማራገቢያው በአንዱ ማብሪያ፣ አምፖሉ በሌላው ማብሪያ እንዲሠራ ንድፉን ሣሉልኝ» አልኳቸው። የሦስት ፌዝ የአጭር ዙር ስሌት በወረቀት ላይ እንደ ውኃ የሚያፈስሱ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ የሣሉት ንድፍ በስሌት ረገድ እንከን አልነበረውም፤ ማራገቢያው ይዞራል፣ አምፖሉ ይበራል፣ አንዱ ሌላውን አይነካም። ከእነዚህ ትክክል ከሚመስሉ ንድፎች መካከል ግን ቤት ውስጥ ቢሠሩ ሰው ሊገድሉ የሚችሉ ነበሩ። ለምን የሚለውን ስጠይቃቸው የመለሰልኝ አልነበረም። ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም፤ እኛ መምህራን ሳናስተምራቸው የቀረነው ነገር አለ። የዛሬው ንግግር ስለዚያ ነገር ነው።

አስቀድሜ ስለ አስፈላጊነቱ ጥቂት ልበል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው በተለምዶ ቬንትሌተር የምንለው የጣሪያ ማራገቢያ እንደ ቅንጦት ሊታየው ይችላል። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ፣ ሰመራ ወይም መተማ ለኖረ ሰው ግን ከአልጋ ቀጥሎ የሚታሰብ የቤት ዕቃ ነው። እኔ ልጅነቴን ያሳለፍኩት በድሬዳዋ ነው። በዚያ ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ማራገቢያው እንዲሠራ ይፈለጋል፤ መብራቱ ግን አይፈለግም፤ እንቅልፍ ይነሣል፣ ነፍሳትንም ይጠራል። ሁለቱ በአንድ ማብሪያ ብቻ የታሠሩ ከሆነ አምፖሉን ለማጥፋት ከማራገቢያው ሥር የተንጠለጠለችውን ሰንሰለት መጎተት ያስፈልጋል። በጨለማ፣ በሚዞር ነገር ሥር፣ አልጋ ላይ ቆሞ። አረጋውያንና ሕፃናት ባሉበት ቤት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ማብሪያ መፈለግ ቅብጠት ሳይሆን ተገቢ ፍላጎት ነው።

እግረ መንገዴን ላንሣው፤ ማራገቢያና መብራት በአንድ አካል የተጣመሩት ዛሬ አይደለም። በ1880ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሲንገር የልብስ ስፌት መኪና መሐንዲስ የነበረው ፊሊፕ ዲል ለስፌት መኪና የተዘጋጀውን ሞተር ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ክንፎች ገጠመለት፤ ኋላም መብራት አከለበት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጠባያቸው የማይገናኝ ዕቃዎች በአንድ ዘንግ ላይ አብረው ይኖራሉ። አንዱ ሞተር ነው፤ ሌላው አምፖል። የሚፈለጉበት ሰዓት የተለያየ፣ የሚቆጣጠራቸውም መሣሪያ የተለያየ ነው። ለምሳሌ ለአምፖል የተሠራውን የብርሃን መቀነሻ ለማራገቢያ ሞተር መጠቀም ሞተሩን ያንጫርራል፣ ያግላል፤ ለማራገቢያ የራሱ የፍጥነት መቆጣጠሪያ አለው።

አሁን ወደ ሰሌዳው እንምጣ። ከቆጣሪው ወደ ክፍሉ የሚመጡ ሦስት ሽቦዎች አሉ እንበል፤ ፌዝ፣ ኒውትራልና ግራውንድ። በአገራችን በፌዙና በኒውትራሉ መካከል 220 ቮልት አለ። ሥራው እንዲህ ነው። ኒውትራሉ በየትም ሳይቋረጥ ወደ ጣሪያው ይሄዳል፤ ማራገቢያውም አምፖሉም በጋራ ይጠቀሙበታል። ግራውንዱም እንዲሁ ሳይቋረጥ ሄዶ ከማራገቢያው ብረት አካል ጋር ይታሠራል። ፌዙ ግን ወደ ግድግዳው ሳጥን ይወርዳል፤ እዚያ በአጭር ሽቦ ለሁለቱም ማብሪያዎች መግቢያ ይዳረሳል። ከአንደኛው ማብሪያ መውጫ አንድ ሽቦ ወደ ሞተሩ፣ ከሁለተኛው ማብሪያ መውጫ ሌላ ሽቦ ወደ አምፖሉ ይወጣል። ጣሪያው ላይ የሚደርሱትን ቁጠሩ፤ አራት ናቸው። አንድ ኒውትራል፣ አንድ ግራውንድ፣ ሁለት በማብሪያ የሚታዘዙ ፌዞች። በአንድ ማብሪያ ብቻ ከነበረው ይልቅ የጨመረው አንድ ሽቦ ብቻ ነው። የዛሬው ጉዳያችን ሁሉ በዚህች አንድ ሽቦ ዙሪያ ይሽከረከራል።

አሁን ተማሪዎቼ የሣሉትን ሌላውን ንድፍ ከጎኑ ልሣል። እዚህ ፌዙ በቀጥታ ወደ ጣሪያው ሄዶ ለሞተሩም ለአምፖሉም ደርሷል፤ ማብሪያዎቹ የተቀመጡት በኒውትራሉ መንገድ ላይ ነው። ሁለቱን ንድፎች አነጻጽሩ። በኪርቾፍ ሕግ ብትመረምሯቸው ልዩነት አታገኙባቸውም። በተከታታይ የታሠሩ ነገሮች ቅደም ተከተላቸው ቢለዋወጥ ጅረቱ አይለወጥም፤ ይህን በሁለተኛ ዓመት አስተምረናችኋል። ሙሉ ነጥብም ሰጥተንበታል። ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው?

ልዩነቱ ያለው በሥዕሉ ላይ ሳይሆን ከሥዕሉ ውጪ ነው። ኒውትራሉ በትራንስፎርመሩ ዘንድ ከመሬት ጋር ተያይዟል። ስለዚህ የቆምንበት መሬት ራሱ የወረዳው አካል ነው፤ በንድፋችን ላይ ግን አንሥለውም። በዚያ መሬት ላይ የቆመውንም ሰው አንሥለውም። ማብሪያው በኒውትራሉ ላይ በሆነበት ቤት አንድ ሰው መብራቱን አጥፍቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ አምፖል ሊቀይር እጁን ሲሰድ፣ አምፖሉ ጠፍቷል፤ ሽቦው ግን ሙሉ 220 ቮልት ተሸክሞ እየጠበቀው ነው። የጎደለው የመመለሻ መንገድ ብቻ ነበር፤ መንገዱን ሰውየው በራሱ አካል ያሟላዋል።

ቁጥሩን እናስላው። የሰው አካል ተቃውሞ እንደ ቆዳው እርጥበትና እንደ ንክኪው ስፋት ይለዋወጣል፤ ለግምት ያህል 1500 ኦም ብንወስድ 220 ለ1500 ሲካፈል ወደ 147 ሚሊአምፔር ይሆናል። በዚህ መጠን ያለ ጅረት በደረት በኩል ካለፈ የልብን ምት ለማዛባት ከበቂ በላይ ነው። ለሰው ደኅንነት የሚገጠመው የፍሳሽ ጅረት መቁረጫ በ30 ሚሊአምፔር እንዲቆርጥ የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው። በብዙ ቤቶቻችን ያለው ግን እርሱ አይደለም፤ ተራው ብሬከር ነው። የ10 አምፔር ብሬከር ማለት የ10 ሺሕ ሚሊአምፔር ብሬከር ማለት ነው። 147ቱን እንደ አንዲት ተጨማሪ አምፖል ቆጥሮ ያሳልፋታል። ብሬከር የተገጠመው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። «ብሬከር አለኝ፣ አልፈራም» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን ስሌት አሳዩት።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናገር ግድ ይሆንብኛል፤ ደስ እያለኝ አይደለም።

ከ30 ዓመት በላይ ይሆነዋል፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለክረምት ዕረፍት ድሬዳዋ፣ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። አክስቴ ዘመናዊ ማራገቢያ ከነመብራቱ ገዝታ ሰው እስኪገጥምላት ትጠብቅ ነበር። «የእኔ መሐንዲስ መጣልኝ» አለች። ከግድግዳው ማብሪያ ወደ ኮርኒሱ በላይ በላዩ የተዘረጋ አንድ ኬብል ነበር፤ በውስጡ ሦስት ሽቦዎች፦ ቡናማ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቢጫ። ቤቱ የመሬት ዘንግ አልነበረውምና አረንጓዴና ቢጫው በሁለቱም ጫፍ ተቆርጦ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። አክስቴ የፈለገችው ሁለቱ እንዲለያዩላት ነው። እኔ የሚያስፈልገኝ አንድ ተጨማሪ ሽቦ ነው። አንድ የማይሠራ ሽቦ ደግሞ ዓይኔ ሥር አለ። ያደረግኩትን ገምታችኋል፤ ቡናማውን ለማራገቢያው፣ አረንጓዴና ቢጫውን ለአምፖሉ ፌዝ አደረግኳቸው። ባለ ሁለት ማብሪያ ገጠምኩ። በግማሽ ቀን አለቀ። ሁሉም ሠራ። አክስቴ እጅህ ይባረክ ብላ መረቀችኝ፤ ለጎረቤትም አሳየች።

ያ ሥራ 12 ዓመት ያህል ያለ እንከን ሠርቷል። ከዚያ ሞተሩ አረጀና አክስቴ አዲስ ገዝታ የሰፈር ባለሙያ ጠራች። ሰውየው አሮጌውን አወረደ፤ ከኮርኒሱ የወጡትን ሦስት ሽቦዎች ተመለከተ። ቡናማ ፌዝ ነው፤ ሰማያዊ ኒውትራል ነው፤ አረንጓዴና ቢጫ ግራውንድ ነው። እንደተማረው፣ እንደሚገባውም፣ አረንጓዴና ቢጫውን ከአዲሱ ማራገቢያ ብረት አካል ጋር አጥብቆ አሠረው። ሞተሩንም አምፖሉንም በቡናማው ላይ አደረጋቸው። አንደኛውን ማብሪያ ሲጫን ሁለቱም ሠሩ። ሁለተኛው ማብሪያ ምንም የሚያደርገው ነገር አልነበረም፤ የተበላሸ መሰለውና ተወው።

አሁን ወረዳውን በዓይነ ሕሊናችሁ ተከተሉት። ሁለተኛው ማብሪያ በተጫነ ቁጥር 220 ቮልት በአረንጓዴና ቢጫው አድርጎ ወደ ማራገቢያው አካል ይሄዳል። ቤቱ እውነተኛ ግራውንድ ቢኖረውና አካሉ ከእርሱ ጋር ቢያያዝ ኖሮ ወዲያው አጭር ዙር ይፈጠርና ፊውዙ ይቃጠል፣ ጥፋቱም ይጋለጥ ነበር። ግራውንድ ስላልነበረ ግን የሚያጋልጠው አልነበረም። ማራገቢያው ዝም ብሎ ተሰቅሎ ይጠብቅ ነበር።

የአክስቴ የልጅ ልጅ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወለሉ ታጥቦ ገና አልደረቀም፤ እርሷ ባዶ እግሯን ናት። ሁለተኛውን ማብሪያ ማን እንደተጫነው እስከ ዛሬ አናውቅም፤ ምንም አያደርግም ተብሎ የታወቀ ማብሪያ ነውና የሚጠነቀቅለት አልነበረም። ልጅቱ አልጋ ጠርዝ ላይ አንድ እግሯን፣ እርጥብ ወለል ላይ አንድ እግሯን አድርጋ መብራቱን ለማጥፋት የብረት ሰንሰለቷን ያዘች። እጇ ጨበጠ፤ ሊለቅ አልቻለም። ያዳናት የሰንሰለቷ መቅጠን ነው። በሰውነቷ ክብደት ተበጠሰችና ወደቀች። እጇ ላይ የቃጠሎ ምልክት ቀርቷል፤ ዛሬ የልጆች እናት ናት።

በስልክ ሲነገረኝ በመጀመሪያ ያልኩት ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? «ያ ባለሙያ ነኝ ባይ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ነው። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ በሰውየው ላይ ተነሥቷል። በማግስቱ ሄጄ ክዳኑን ስከፍት የገዛ እጄን ሥራ አገኘሁት፤ የናስትሮ አጠማጠሜን ሳይቀር ለየሁት። ሰውየው የፈጸመው አንድ ጉድለት ሁለተኛውን ማብሪያ ምን እንደሚያዝዝ ሳይመረምር መተዉ ነው፤ ይህንም ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ስጠይቀው ራሱ አምኖልኛል። ነገር ግን ሽቦው ለእርሱ «እኔ ግራውንድ ነኝ» ብሎ ነግሮታል። እንዲዋሽ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ተማሪዎቼ ይህን ልብ በሉልኝ። የእኔ ሥራ በተገጠመበት ቀን በየትኛውም መለኪያ ቢፈተን ያልፍ ነበር። ቮልቱ ትክክል፣ ጅረቱ ትክክል፣ ሁለቱ ማብሪያዎች የሚጠበቅባቸውን አድርገዋል። አደጋው 12 ዓመት ዘግይቶ የመጣው እኔ በማላውቀው ሰው እጅ በኩል ነው። አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ለሌላ አገልግሎት ፈጽሞ እንዳይውል የሚከለከለው ለዚህ ነው፤ በናስትሮ ቢሸፈንም፣ ምልክት ቢደረግበትም። ሌሎቹን ቀለማት በምልክት መለወጥ ይቻላል፤ ይህን ግን አይቻልም።

ወደ ሌላው የቀለም ወጥመድ ልለፍ፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ይህ ለእንቆቅልሽ የተመቸ ነው። በአሜሪካ ልማድ ከተሠራ ማራገቢያ ብዙውን ጊዜ አራት ሽቦዎች ይወጣሉ። ጥቁሩ የሞተሩ ፌዝ፣ ሰማያዊው የአምፖሉ ፌዝ፣ ነጩ የጋራ ኒውትራል፣ አረንጓዴው ግራውንድ ነው። በእኛ ግድግዳ ውስጥ ግን፣ ቤቱ በዓለም አቀፉ የቀለም ሥርዓት የተሠራ ከሆነ፣ ሰማያዊ ማለት ኒውትራል ነው። ስለዚህ ሰማያዊን ከሰማያዊ የሚያገናኝ ሰው የአምፖሉን ፌዝ ከኒውትራል ጋር አገናኘ ማለት ነው። የቀረውን ነጭ «ይህ እንግዲህ የመብራቱ ነው» ብሎ ወደ ሁለተኛው ማብሪያ ይሰድደዋል። ምን ይሆናል? ከመቀጠሌ በፊት አንድ ደቂቃ ልስጣችሁ።

መልሱ ይኸው። ሞተሩ አሁን ያለው በጥቁሩና በነጩ መካከል፣ አምፖሉ በነጩና በሰማያዊው መካከል ነው። የመብራቱን ማብሪያ ብቻ ብትጫኑ አምፖሉ በደንብ ይበራል፤ ሁሉ ሰላም ይመስላል። የማራገቢያውን ብቻ ብትጫኑ ጅረቱ በሞተሩ ገብቶ በአምፖሉ በኩል ይወጣል፤ ሁለቱ በተከታታይ ታስረዋልና፣ የቀድሞው ዓይነት የክር አምፖል ከሆነ፣ ደብዝዞ ይበራል፣ ማራገቢያውም እንደታመመ ሰው ይንፏቀቃል። ሁለቱንም ብትጫኑ ደግሞ አምፖሉ ወለል ብሎ ይበራል፣ ማራገቢያው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በሁለቱም ጫፉ እኩል ቮልት አለና የሚያዞረው ልዩነት የለም። ባለቤቱ ግን «ማራገቢያው ተበላሽቷል» ብሎ ለሻጩ ይመልሰዋል። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ባለሙያ ክዳኑን ሳይከፍት ጥፋቱን ይናገራል። እንግዲህ የወረዳ ትንተና ትምህርታችን ለጣሪያም ይጠቅማል ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ማሳሰቢያ። ዘመድ ከዋሽንግተን ወይም ከዳላስ በሻንጣ ያመጣው ማራገቢያ ከቀለሙ የሚብስ ችግር አለበት፤ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። በ220 ቮልት ላይ ቢታሠር ኃይሉ በቮልቱ ካሬ ስለሚያድግ ተራ ተቃውሞ እንኳ ከሦስት እጥፍ በላይ ይግላል፤ ሞተር ደግሞ ከዚያም ይከፋል። ስጦታውን በአክብሮት ተቀብሎ የተጻፈበትን ማንበብ ነው። ወደ አሮጌ ሕንፃዎች የምትገቡም፣ በቀድሞው የእንግሊዝ ልማድ ቀይ ፌዝ፣ ጥቁር ኒውትራል እንደነበረ፣ በአሜሪካ ግን ጥቁር ፌዝ እንደሆነ አትርሱ። አንድ ጥቁር ሽቦ በአንዱ ሕንፃ ምንም አያደርግም፤ በሌላው ይገድላል። ቀለም ጥርጣሬን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም።

ታዲያ ሽቦው ከጎደለ ምን ይደረግ? ሽቦዎቹ በቱቦ ውስጥ ከሆኑ መልሱ ቀላል ነው፤ በሳቢ አንድ ተጨማሪ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ መሳብ። ቱቦው ጠባብ ከሆነ ወይም በሲሚንቶ ከተደፈነ በግድግዳው ላይ የፕላስቲክ መሸፈኛ ለጥፎ በውስጡ ማሳለፍ ይቻላል፤ አያምርም፣ ግን ሐቀኛ ነው። ሦስተኛው መንገድ በርቀት መቆጣጠሪያ የሚሠራ ተቀባይ በክዳኑ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ አንድ ፌዝ ይበቃዋል፤ መለየቱን ተቀባዩ ይሠራዋል። እኔ ይህን እንደ መጨረሻ አማራጭ ነው የማየው፤ መቆጣጠሪያው በጠፋ ቀን ቤቱ ይጨልማልና። አራተኛው ሰንሰለቷን ይዞ መቀጠል ነው፤ ነውር የለበትም። ፈጽሞ የማይፈቀደው ከጎረቤት ክፍል የሶኬት መስመር ፌዝ ተበድሮ በዚህኛው ክፍል ኒውትራል መመለስ ነው። አንዱ ብሬከር ሲጠፋ ሌላው ሕያው ሆኖ ይቆያል፤ ኒውትራሉም ሞተ በተባለበት ሰዓት ጅረት ይሸከማል። ሁለቱ መስመሮች ከተለያዩ ፌዞች የመጡ ከሆነማ በአንዲት ትንሽ የማብሪያ ሳጥን ውስጥ 380 ቮልት አስቀመጣችሁ ማለት ነው።

ስለ ሥራው አካሄድ የምለው አለኝ፤ በተለይ ስለ እኛ አገር ልማድ። ብዙ ሰው «መብራት ስለጠፋ አሁን እንሥራው» ይላል። ባለሙያዎችም ሲሉ ሰምቻለሁ። መብራት ከጠፋ መመለሱ አይቀርም፤ የሚመለስበትን ሰዓት ግን ማንም አይነግራችሁም፤ ከጎረቤት ጄኔሬተር በኩልም ሊመጣ ይችላል። ሥራ የሚጀመረው ብሬከሩ ወርዶ፣ ሌላ ሰው እንዳያነሣው ማስታወሻ ተለጥፎበት ነው። በግድግዳው ማብሪያ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ያየናቸው ጥፋቶች ሁሉ ማብሪያው ጠፍቶም ሽቦው ሕያው እንደሚሆን ያሳያሉ። ከዚያ መለኪያው አስቀድሞ ሕያው መሆኑ በታወቀ ሶኬት ላይ ይሞከራል፤ ቀጥሎ በጣሪያው ሽቦዎች ላይ፣ እርስ በርሳቸውም ከመሬትም አንጻር፤ ከዚያ ተመልሶ በሶኬቱ ላይ ይሞከራል፣ መለኪያው በመካከል እንዳልሞተ ለማወቅ። በካቻቢቴ መልክ የተሠራችው ባለ መብራት ቴስተር ለዚህ አትበቃም፤ ሳትበራ ስትቀር ሽቦው ይሙት እርሷ ትሙት አትነግራችሁም።

ስለ መስቀያው ደግሞ ባጭሩ፤ ለአምፖል የተበጀ መንጠቆ ለሚንቀጠቀጥና ኪሎዎች ለሚመዝን ነገር አይሆንም፤ ከኮርኒሱ ሳይሆን ከወራጁ ወይም ከሲሚንቶው ጋር መያያዝ አለበት። ክንፎቹም ከወለሉ ከ2.3 ሜትር በላይ ይሁኑ።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ ለጥያቄ ዕድል እንስጥ።

(ከተሰብሳቢዎቹ መካከል አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፦ «ዶክተር፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ነገር ግን የቤቱ ባለቤት የተጨማሪ ሽቦ ገንዘብ አልከፍልም ይላል። እምቢ ብል ሌላ ሰው ይጠራና ያው አረንጓዴና ቢጫውን ተጠቅሞ ይሠራለታል። እኔ እንጀራዬን አጣሁ እንጂ ቤቱ አልዳነም። ምን ላድርግ?»)

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ይህ ጥያቄ ከእኔ ንግግር ይከብዳል፤ ደመወዜ በየወሩ የሚገባልኝ ሰው ሆኜ «እምቢ በል» ማለት ይቀለኛል። የማደርገውን ልንገርህ። በአንድ ማብሪያ ሁለቱንም አሠራለታለሁ፤ ሰንሰለቷን አሳየዋለሁ፤ አረንጓዴና ቢጫውን በቦታው፣ ለአካሉ አሥረዋለሁ፤ ቤቱ የመሬት ዘንግ ከሌለውም ይህንኑ በግልጽ እነግረዋለሁ። «ገንዘብ ባገኘህ ቀን ጥራኝ፣ አንዷን ሽቦ እስብልሃለሁ» እለዋለሁ። ከእኔ በኋላ ሌላ ሰው ጠርቶ ሊያበላሸው ይችላል፤ ይህን ማገድ አልችልም። ሌላው የምመክርህ የሠራኸውን በወረቀት ጽፈህ፣ በፕላስቲክ ጠቅልለህ በክዳኑ ውስጥ እንድትተው ነው፦ የትኛው ሽቦ የትኛው ማብሪያ ነው፣ በየትኛው ቀን። ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ ባለቤቱም አያስከፍልህም።

የአክስቴን ቤት እንደገና ስሠራው እንዲህ አድርጌ ነበር፤ አራት ሽቦ ሳብኩ፣ የመሬት ዘንግ አስቀበርኩ፣ ወረቀቱንም ከነስልክ ቁጥሬ አስቀመጥኩ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የማላውቀው ወጣት ደወለልኝ። ማራገቢያውን ሊቀይር ክዳኑን ከፍቶ ወረቀቱን አግኝቷል። «ጋሼ፣ ይህቺ ቀይ ናስትሮ ያለባት የመብራቷ ፌዝ ናት አይደል?» አለኝ። «አዎ፣ ግን መጀመሪያ ብሬከሩን አውርደሃል?» አልኩት። ጥቂት ዝም አለና «ቆይ፣ ልውረድ» አለኝ።